አሥር ሜትር ሳቅ

በ1990 ዓ.ም. ክረምት የአንዲት የሽሮ ሜዳ እናት ድምፅ እጄ ገባ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ድንች የቸረቸሩ ሴት ናቸው፤ ጋዜጠኛው ለእናቶች ፕሮግራም ብሎ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ቀርጿቸዋል። እኔ ያኔ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የድምፅ ኤዲተር ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ገና አምስት ደቂቃ ሳልሰማ ሴትዮዋን ወደድኳቸው።

“ሁለት ቀበርኩ፣ ሦስት አሳደግኩ” ይሉና ይስቃሉ። “ባለቤቴ ያረፈ ለት እጄ ላይ የነበረችው ስምንት ብር ናት” ይሉና ይስቃሉ። “ዝናብ ሲመጣ ነጠላዬን ለሽንኩርቱ አለብሰዋለሁ፤ እኔማ ብበሰብስ እደርቃለሁ፣ ልጄ” ይሉና እንደገና። ከት ብለው አይደለም የሚስቁት። ሦስት አራት “ሀ” ያላት፣ መጨረሻዋ ላይ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስባ “ኢህ” ብላ የምትዘጋ አጭር ሳቅ ናት።

አለቃዬ መጥተው አዳመጡ። ፊታቸው ጠቆረ። “ስለ ሞት እያወሩ ይስቃሉ እንዴ? አድማጭ ይቀየማል። አጽጂው” አሉኝ።

አጸዳሁት። ያኔ ኤዲት የሚደረገው በምላጭ ነው። ሪሉን በእጃችን ወደፊትና ወደኋላ እያዞርን ድምፁ የሚነሳበትን ነጥብ በጆሮ እንፈልጋለን፣ በቢጫ እርሳስ ምልክት እናደርጋለን፣ ክሩን እንቆርጣለን፣ ሁለቱን ጫፍ አገናኝተን በማጣበቂያ እናያይዛለን። ክሩ በሴኮንድ 19 ሴንቲ ሜትር ይሮጣል፤ አንድ ስንዝር ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ድምፅን የምለካው በስንዝርና በጣት ነበር። ከዚያ ቃለ ምልልስ 31 ሳቅ ቆርጬ አወጣሁ። ፕሮግራሙ ተላልፎ እስኪያልፍ ድረስ የተቆረጠ አንጥልም ነበርና፣ ምናልባት መልሺው ቢሉኝ ብዬ፣ ቁርጥራጩን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከተላለፈ በሦስተኛው ቀን የሴትዮዋ ልጅ የጣቢያው በር ላይ መጣች። ጋዜጠኛው መስክ ስለነበር እኔ ወረድኩ። ከእኔ እኩያ የምትሆን፣ ሻሽ ያሰረች፣ ትሑት ልጅ ናት። ለጠብ አልመጣችም። “እህቴ፣ ድምፁ የእናቴ ነው። ሴትዮዋ ግን እናቴ አይደለችም” አለችኝ። “ምኑ?” ብላት ቃል አጣች። “አላውቅም። መራራ ሆነችብኝ። ጎረቤቱም ምን ሆነው ነው፣ ተጣልተው ነው ወይ እያለ ይጠይቀኛል።” ብዙ ቆመን አወራን፤ አንድም ጊዜ ግን “ሳቋ የት ሄደ?” አላለችኝም። የጎደለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም አልነገርኳትም። አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሳቅ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። ያቺ ልጅ ቃል ያጣችለትን ነገር አንድ ሰው በቁጥር አስፍሮት ሳገኝ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር።

ሮበርት ፕሮቫይን ይባላሉ፤ አሜሪካ ውስጥ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ አስተማሪና የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ነበሩ። መጀመሪያ ሰዎችን ላቦራቶሪ ጠርተው አስቂኝ ፊልም እያሳዩ ሳቃቸውን ሊያጠኑ ሞከሩ። ሰዎቹ ብዙም አልሳቁም። ሳቅ ከላቦራቶሪ እንደሚሸሽ ሲገባቸው ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ገበያ አዳራሾችና ወደ ዩኒቨርሲቲው መተላለፊያዎች ወጡ፤ ሰው ሲስቅ ከሳቁ በፊት የተባለችውን ዓረፍተ ነገር መዘገቡ። 1,200 ሳቅ ሰበሰቡ። ከነዚያ ውስጥ ቀልድ የሚመስል ነገር ተከትሎ የመጣው ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ እንደ “በል ደህና ዋል”፣ “እኔም ገርሞኛል”፣ “መጣህ እንዴ?” ያለ ተራ ወሬ የወለደው ነው። በዚያ ላይ አብዝቶ የሚስቀው ሰሚው ሳይሆን ተናጋሪው ነው፤ በ46 በመቶ ይበልጣል።

እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው። ተናጋሪው በራሱ ሐረግ መሃል ገብቶ የሳቀው ከ1,200 ውስጥ 8 ጊዜ ብቻ ነው። ሳቅ ሐረግ አይሰብርም፤ ሐረጉ ሲያልቅ ጠብቆ ይገባል። እኛ ስንጽፍ ድርብ ሰረዝና አራት ነጥብ የምናስቀምጥበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። የሽሮ ሜዳዋ እናት “አሳደግኩ” ብለው ነው የሚስቁት፤ “አሳ” ላይ አይስቁም። በምላጭ ለመቁረጥ የቀለለኝ ለዚያ ነበር፤ ሁሉም ሳቅ ቃልና ቃል በሚለያይበት ንጹሕ ቦታ ላይ ነው ያገኘሁት። ያን ጊዜ ዕድል መስሎኝ ነበር።

ፕሮቫይን ሳቁን ራሱንም ለክተውታል። አንድ ሴኮንድ ለሺህ ቢከፈል፣ አንዲት “ሀ” 75ቱን ያህል ትወስዳለች፤ ከአንዷ “ሀ” መነሻ እስከ ቀጣይዋ መነሻ ደግሞ 210 ያህል ነው። በእኔ ክር ላይ ሲመነዘር “ሀ” የትንሿን ጣቴን ውፍረት ታህላለች፤ ከአንዷ እስከ ሌላዋ አራት ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ጣት መሆኑ ነው። ይህን ሳነብ እጄ ቀድሞኝ አወቀው። ስንት ጊዜ ምልክት ሳደርግ ጣቴ እዚያ ርቀት ላይ አርፏል! ሕፃንም ይሳቅ ሽማግሌ፣ ምቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። አንዲት “ሀ” ደግሞ ፊትና ኋላ የላትም። ሪሉን ገልብጠን ንግግር ወደኋላ ስናጫውት ባዕድ ቋንቋ ይሆናል፤ ሳቅ ግን ሲገለበጥም ሳቅ ነው፤ እየደከመ በመሄድ ፈንታ እየበረታ መምጣቱ ብቻ ነው የሚያስታውቀው። ፕሮቫይን ደግሞ “ሀ”ዎቹን ቆርጠው አውጥተው በመካከላቸው ያለውን ትንፋሽ ብቻ ቢያያይዙት ረጅም የእፎይታ ትንፋሽ ሆኖ አገኙት።

ትንፋሽ ነውና። ስንናገር ደረታችን አየሩን ቀስ አድርጎ፣ እየመጠነ ይለቀዋል። ስንስቅ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎችና ድያፍራማችን ያንኑ አየር በድንገት፣ ደጋግመው ይጨምቁታል፤ ምላስና ከንፈር ምንም ሥራ የላቸውም። ሆዳችንን የሚያመን፣ መናገር የሚያቅተን ለዚህ ነው። ቺምፓንዚም ሲኮረኮርና ሲላፋ ይስቃል፤ እሱ ግን በአንድ ትንፋሽ አንድ ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ ሲያስወጣም ሲያስገባም፤ ላይ ላዩን ለሚሰማው ሰው ሲያለከልክ ይመስላል። የእኛ ሳቅ አንዱን የወጣ ትንፋሽ ብዙ ቦታ ይከትፈዋል። ፕሮቫይን ይህ የመጣው በሁለት እግራችን ስለቆምን ነው ይላሉ፤ በአራት እግሩ የሚሮጥ እንስሳ ትንፋሹ ከእርምጃው ጋር የታሰረ ነው፣ ደረቱ ሲፈታ ሳቁም ንግግሩም አብረው ተፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማሪና ዳቪላ ሮስና ባልደረቦቿ የጦጣ ዘመዶቻችንን ግልገሎችና የሰው ሕፃናትን እየኮረኮሩ የቀረጹትን ድምፅ አነጻጽረው፣ ሳቅ ከ10 እስከ 16 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረ የጋራ አያት የወረስነው ነው የሚል ውጤት አወጡ። ሕፃን በአራት ወሩ ገደማ፣ “እማ” ከማለቱ ብዙ ቀድሞ ይስቃል። ዓይነ ስውርና መስማት የተሳነው ሆኖ የተወለደ ልጅ እንኳ፣ የማንንም ሳቅ ሳያይና ሳይሰማ፣ ይስቃል።

ታዲያ ለምን? ከሁሉ ልቤን የነካው መልስ ጥንስሱ እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስሜን ተራሮች ላይ ተቀምጠው ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ሲያጠኑ ነበር። ስሜን የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ጭላዶች ከግጦሽ ሲያርፉ አንዷ ሌላዋን አስተኝታ ፀጉሯን እየፈለፈለች ስትለቅምላት ይውላሉ። ዋናው ነገር ጽዳቱ ብቻ አይደለም፤ ዝምድና የሚጠበቀው በዚያ ነው። ችግሩ በአንድ ጊዜ መልቀም የሚቻለው ለአንዷ ብቻ መሆኑ ነው። ደንባር በኋለኛ ዘመናቸው ሲጽፉ፣ የሰው ልጅ ማኅበር እየበዛ ሲሄድ እጅ ለሁሉ አልዳረስ ብሎ፣ ሳቅ ከሩቅ የሚደርስ መዳሰሻ ሆነ ይላሉ። አብረው የሳቁ ሰዎች ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ እንደሚል በሙከራ አሳይተዋል። በፊንላንድ ቱርኩ ደግሞ ተመራማሪዎች 12 ወንዶች ከጓደኞቻቸው ጋር አስቂኝ ፊልም ካዩ በኋላ አንጎላቸውን በምስል ሲያነሱ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር ተለቅቆ አገኙ። እናቴ ሹሩባ ስትሠራኝ በጉልበቶቿ መካከል ተቀምጬ ይወርደኝ የነበረው እንቅልፍ እና ከእህቶቼ ጋር ስቄ ስጨርስ የሚሰማኝ ድካም አንድ ዓይነት የሆነብኝ ለካ በምክንያት ነው።

ለዚህም ነው ሳቅ ብቸኛ ሰው ቤት የማይገባው። ፕሮቫይን ተማሪዎቻቸው በማስታወሻ ደብተር እየመዘገቡ እንደነገሯቸው፣ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሆነበት ጊዜ 30 እጥፍ ይስቃል። የአለባቸው ተካና የልመነህ ታደሰ የኮሜዲ ካሴት በወጣ ጊዜ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ስናዳምጥ አባቴ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ይጠርግ ነበር። ያንኑ ካሴት በማግሥቱ ብቻዬን ከፈትኩት። ቀልዱ እዚያው ነው፣ አንድም ቃል አልጠፋም። በአፍንጫዬ ትንፍስ ብዬ ዘጋሁት። አሜሪካ ውስጥ የእኔው ሙያ ባለቤት የሆነ ቻርሊ ደግላስ የተባለ የድምፅ መሐንዲስ ይህ ገብቶት፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቀረጸ ሳቅ የሞላበት፣ ቁልፉ ሲነካ የተፈለገውን ዓይነት ሳቅ የሚለቅ ሣጥን ሠራ፤ ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ጓደኛ እንዲያገኝ። እኔ ሳቅ ስቆርጥ እሱ ሳቅ ሲጨምር ነበር።

አያቴ “ጥርስ ባዳ ነው” ትል ነበር። ሆድ እያዘነ ጥርስ ይስቃል ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን ደ ቡሎኝ የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ ባሳተመው ሥራ ያንኑ አለ፤ የከንፈርን ጫፍ ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ሲያዙት ይታዘዛል፣ በዓይን ዙሪያ ያለውን ግን የሚያንቀሳቅሰው እውነተኛ ደስታ ነው። ጥርስ ባዳ ነው፤ ዓይን ዘመድ ነው።

ይህን ልዩነት ይዘው ደከር ኬልትነርና ጆርጅ ቦናኖ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጥናት አለ። የትዳር ጓደኛቸው ከሞተ ስድስት ወር ገደማ የሆናቸውን ሰዎች ስለ ሟቹ እንዲያወሩ ጠይቀው ፊታቸውን ቀረጹ። አንዳንዶቹ እያወሩ ይስቃሉ፣ ዓይናቸው ጭምር። እነዚህ ሰዎች ካልሳቁት ይልቅ ንዴታቸው ያነሰ፣ ሐዘኑ የለቀቃቸው፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዳስ ጥለን፣ ሠልስቱ ላይ የሟችን ነገር እያነሳን ስንስቅ የኖርን ሰዎች ይህ አይደንቀንም። እኔን ግን አመመኝ። አለቃዬ “ስለ ሞት እያወሩ ይስቃሉ እንዴ?” ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስላቸው ይገባ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት።

ሳቅ ሁሉ ደግ ነው አልልም። በሕዝብ መካከል የተሳቀበት ሰው ያን ቀን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም፤ መሳለቅና መሳቅ የተወለዱት ከአንድ ቤት ነው። ጨርሶ ደስታ የሌለበት ሳቅም አለ። ታንጋኒካ ከእንግሊዝ ነፃ ወጥታ ሁለት ወር ሳይሞላት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1962፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ምዕራብ፣ ቡኮባ አቅራቢያ በምትገኝ ካሻሻ በተባለች መንደር፣ በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ልጃገረዶች መሳቅ ጀመሩ። ማቆም አቃታቸው። ከ159 ተማሪዎች 95ቱ ተያዙ፤ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሚሆኑ ልጆች ናቸው። ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሮጣሉ፣ ሊይዛቸው የመጣውን ይታገላሉ። አንዷን ለጥቂት ሰዓት ሲይዛት ሌላዋን እስከ 16 ቀን እየተመላለሰ ያስቃታል። አስተማሪዎቹን አልነካም። ማርች 18 ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ነገሩም አብሯቸው ሄደ፤ ንሻምባ በተባለች መንደር ብቻ 217 ሰው ያዘ። ሜይ ውስጥ ትምህርት ቤቱ ቢከፈት 57 ልጆች እንደገና ተያዙና ተዘጋ።

ራንኪንና ፊሊፕ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች መርዝ ይሆናል፣ ተላላፊ በሽታ ይሆናል ብለው መረመሩ፤ ምንም አላገኙም። የሞተም የለም። ብዙ ቆይቶ ጉዳዩን የመረመሩት ክርስቲያን ሄምፐልማን የተባሉ ምሁር፣ ይህ ቀልድ የወለደው ሳቅ ሳይሆን የጭንቀት መውጫ ነው ይላሉ፤ ጥብቅ ትምህርት ቤት፣ ከቤት መራቅ፣ አዲስ አገር፣ ከወላጅም ከመምህርም የሚጫን ተስፋ፣ መናገር የማይችሉ ልጆች። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ተረት እያዋዛ ሲያወራው ሰምቻለሁ፤ እኔ ሳነበው ግን የሚታየኝ ሌሊት በመኝታ አዳራሽ ውስጥ ትንፋሽ እያጠራት “አቁሙኝ” ማለት ያልቻለች ልጅ ናት። ሳቅ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበት መንገድ ደስታን ብቻ ለማሳለፍ የተሠራ አይደለም፤ የመጣለትን ያሳልፋል።

ጆሯችን ግን የሚሻገረውን ይለያል። ግሬግ ብራያንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ሁለት ሰዎች አብረው ሲስቁ የተቀረጸ፣ አንድ ሴኮንድ ያህል የሚረዝም ድምፅ በ24 ማኅበረሰቦች ውስጥ ላሉ 966 ሰዎች አሰሙ። ቋንቋ የለበትም፣ ቃል የለበትም። “እነዚህ ሰዎች ወዳጆች ናቸው ወይስ ገና የተዋወቁ?” ነው ጥያቄው። 61 በመቶው በትክክል ተመለሰ። ያ አንድ ሴኮንድ በእኔ ስሌት አንድ ስንዝር ክር ነው።

ዛሬ ምላጩ የለም። ሳቅ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰድሮ ይታያል፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ ማጥፋት ነው። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ልጆች እንግዳ ሲስቅ “ላጽዳው?” ይሉኛል፤ አስቀድማችሁ ሰውየውን ያለ ሳቁ ስሙት፣ ከዚያ ወስኑ እላቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ሪሉ ላይ ሌላ ፕሮግራም ተቀርጾበት የሴትዮዋ ቃለ ምልልስ ጠፋ። የብስኩት ቆርቆሮዬ ግን አልጠፋም። 31ዱን ቁራጭ ቀጣጥዬ ወደ ካሴት ገለበጥኩት፤ ክሩ አሥር ሜትር ያህል ይሆናል፣ ድምፁ 52 ሴኮንድ። የት እንደማደርሰው ሳላውቅ አስቀመጥኩት። በ2004 ዓ.ም. ያ ጋዜጠኛ ደውሎ ሴትዮዋ ማረፋቸውን ነገረኝ። በሠልስቱ አብረን ሽሮ ሜዳ ወጣን።

ልጅቷ አወቀችኝ። ካሴቱን ሰጠኋትና ያልነገርኳትን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም። እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ፤ አክስቷም ተከተለችን። ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ የእናቷ አሮጌ ቴፕ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጋ ከፈተችው።

ሀ ሀ ሀ፣ ኢህ። ዝም። ሀ ሀ ሀ ሀ፣ ኢህ።

ሦስተኛው ላይ አክስትየው “ይቺ የሽንኩርቱ ናት” አሉ። ቃል የለበትም እኮ! አምስተኛው ላይ ልጅቷ “ይሄ ስለ አባቴ ነው” አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። 52 ሴኮንድ አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ሳቁ ግን አልቆመም። ሦስት “ሀ”፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ “ኢህ”። አክስትየው ቀና ብለው ቴፑን አዩት፣ ከዚያ ልጅቷን።